በገዛ ፈቃዴ

አዲስ አበባ፣ አያት
ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለዶክተር አስመረት ዘርአጽዮን፣ ጎባ

እንደምን ሰነበቱልኝ? የባሌ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ሄሊናስ ስድስተኛ ክፍልን እንዴት አገኘችው? እኔ ከመናደዴ በቀር ደህና ነኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስላልጻፍኩ ይቅርታ። የአምቡላንስ ሹፌርዎን ሽፈራውን ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ሸኘሁት። በሦስተኛው «ዶክተር አስመረት ‹አምቡላንሱ በሽተኛ አድርሶ ያለ ወረቀት እንዳይመለስ› ብለውኛል» ብሎ የቀዶ ሕክምናው በር ላይ ቆመብኝ። በስልክ ለምን እንደማንጨርሰው ብጠይቀው «እሳቸው በስልክ የተባለ ነገር አያምኑም» አለኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። የላኩልኝ ገበሬ ደህና ነው። የጭን አጥንቱን ባለፈው ማክሰኞ ገጠምኩለት፣ ዛሬ በክራንች ቆሟል። ሲነቃ «ማን ነው የሠራኝ?» አለ። እኔ ነኝ አልኩት። «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር፤ ዶክተሩንም አመስግኚልኝ» አለኝ። በእሱ አልፈርድም፣ ከየት አይቶ ያውቃል? ግን በዚህ ሆስፒታል አልጋ የሚገፋው ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ ሲስተር ነኝ። ሲስተሮቹን ንቄ አይደለም፤ እነሱም ቢሆኑ በዚህ ይስቃሉ፣ እኔ ግን መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ።

ስለ ሰሙት ወሬ፦ እውነት ነው። ፕሮፌሰር መኩሪያ በጥር ጡረታ ይወጣሉ። ሃያ ዓመት የተቀመጡበት የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊነት ማስታወቂያ ወጥቶበታል። ከግርጌው እንደ ወጉ «ሴቶች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ይላል። ይበረታታሉ! በማን? ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሐኪሞች ነን፣ ሴት እኔ ብቻ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ጀምሮ በኮሪደሩ የሚያበረታታኝ ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ የመጣ የለም። ዶክተር አብኔዘር ብቻ፣ ያው እኔ መሰርሰሪያ አያያዝ ያስተማርኩት፣ «እንዴ ሜቲ፣ አንቺም?» አለኝ እየሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አዎ፣ እኔም። አመለከትኩ።

ለወንበሩ ጓጉቼ እንዳይመስልዎ። ባለፈው ዓመት ስለ እሷ የጻፍኩልዎትን ሳምራዊትን ያስታውሷታል? በፈተና ሁለተኛ ወጥታ አጥንት ሕክምና ልማር ብትል ፕሮፌሰሩ «ልጄ፣ ማሕፀን ብትማሪ አይሻልሽም?» ብለው ሸኟት። ዘንድሮም ልታመለክት ነው። ሬዚደንት የሚመርጠው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ያንን ወንበር አብኔዘር ከያዘው ሳምራዊት ዘንድሮም ማሕፀን ትማራለች። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ጠይቄዎት አላውቅም። እርስዎ እዚሁ ክፍል ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ሳሉ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ጀሶ ማሰር ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። «አጥንት በጉልበት አይገጠምም፣ ይለመናል» ይሉን ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንመጣ አልነበሩም። ስምዎ ከተረኛ ዝርዝሩ ላይ በነጭ ቀለም ተሸፍኖ ነበር። ለምን ነበር?

አክባሪዎ፣
ሜቲ ቶሌራ

ጎባ
ጥቅምት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሜቲዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቁጣሽም አብሮ ደረሰኝ፣ ሙቀቱ ለጎባ ጠቀመ። ሄሊና ደህና ናት፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፣ ሒሳብ ትጠላለች፣ ከእኔ ጋር ትከራከራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሞላት።

ማመልከትሽ ደግ ነው። ምክር ጠይቀሽኝ አልነበረም፣ እኔ ግን ልምከርሽ። ሻይ ክፍል ውስጥ የሚነግሩሽን ሁሉ እንዳልሰማሽ እለፊው። «ለአንቺው ብለን ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ወረቀት አውጪና «ይጻፉልኝ» በዪው። የሚሰጡሽን ወረቀት ደግሞ ቆመሽ አታንብቢ፣ ተቀምጠሽ አንብቢ። ያለ ግልባጭ ምንም ነገር አትፈርሚ። ያለ ግልባጭ የፈረመች ሴት ምን እንደፈረመች ሌላ ሰው ነው የሚያስታውስላት።

ቀዶ ስትሠሪ በርጩማ ላይ ስለምትቆሚ እንደሚስቁብሽ በፊት ጽፈሽልኝ ነበር፤ በእኔም ስቀውብኛል። የቀዶ ሕክምናውን አልጋ ለረጅም ወንድ ልክ ሰቅለው ቁመት አጥሯት በርጩማ ላይ ወጣች ይላሉ። አልጋውን ዝቅ የሚያደርግ ፔዳል አለው፤ እግራቸው ሥር ነው።

ከሽፈራው ጋር አንዲት ሴት ልኬያለሁ። ከበቅሎ ወድቃ የላይኛው ክንዷ ተሰብሯል። እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እጄም ያውቃል። ግን ከክፍላችሁ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ቦታ ተምሬ ያገኘሁት ወረቀት ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ይላል፣ አጥንት መክፈት አይፈቀድልኝም። ስለዚህ ያቺን ሴት በተሰበረ ክንድ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አስጉዣታለሁ። በየጉድጓዱ ስትጮህ የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው።

የጠየቅሽኝን ሆድ ይፍጀው። ያለፈ ነገር ነው።

ያንቺው፣
አስመረት

አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዶክተር አስመረት፣

ሰላምታውን ዛሬ አለፍኩት። ባለ ክንዷ ሴት ደህና ናት፣ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። ከዚህ በታች ያለው ግን ስለ እርስዎ ነው።

ከትናንት በስቲያ ኮሚቴው ጠራኝ። ሰባት ወንዶች። ዕለቱን ልንገርዎ፤ ጠዋት ሦስት የቀን ሠራተኞች መጥተውልኝ ነበር፣ ሦስቱም ከአንድ መወጣጫ የወደቁ። ቦሌ ቡልቡላ ከሚሠራው ኮንዶሚኒየም ነው። ቦታውን ጠየቅኳቸው፤ የነገሩኝ የአባቴ የጤፍ ማሳ የነበረውን ነው። ማሳውን ወሰዱት፣ ፎቅ ተከሉበት፣ ከፎቁ የወደቀውን ደግሞ ወደኔ ይልካሉ። ሁለት ዳሌና አንድ ክርን ሠርቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳ ሳልበላ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ ትችዪዋለሽ?» የሚል ነበር።

ሁለተኛው «ባለትዳር ነሽ?»። ሦስተኛው «ስታገቢስ?»። አብኔዘር ሦስት ልጆች አሉት፤ እሱን ስለ ልጆቹ የጠየቀው ሰው ካለ እጄን ይቁረጡት። አንዱ አዛውንት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው ሳቁ፣ የቀሩትም «ቀልድ ነው፣ ቀልድ ነው» እያሉ አብረው ሳቁ። ጥርሴን ነክሼ ስለ ሥራዬ መለስኩ፤ ስንት ሰው እንደሠራሁ፣ ስንቱ በእግሩ እንደሄደ፣ ስንት ሬዚደንት እንዳስተማርኩ።

ከዚያ ፕሮፌሰር መኩሪያ ሰማያዊ ፋይል ከፈቱ። «እኛ በሴት ላይ ጥላቻ የለንም። ከዚህ በፊት አንዷን ሞክረናል» አሉ። ሞክረናል! እንደ መድኃኒት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት የሬዚደንትነት ትምህርቴን በገዛ ፈቃዴ ያቋረጥኩ ሲሆን፣ ክፍሉ ላደረገልኝ መልካም ትብብር ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።» ቀጥሎ ስምዎን አነበቡ።

ከልብ ያመሰግናሉ?

ወጥቼ ለሳምራዊት ብነግራት አልገረማትም። ባለፈው ዓመት ለእሷም አንብበውላታል። ከእሷ በፊት ለነበረችውም እንዲሁ። ሴት ባመለከተች ቁጥር ያ ወረቀት ከመሳቢያ ይወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ፕሮፌሰሩ አይደሉም፣ የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ያለ ግልባጭ አትፈርሚ ብለው ይመክሩኛል፤ የፈረሙትን ግን ሆድ ይፍጀው ይሉኛል። በየትኛው ሆድ ነው የሚፈጀው? እየፈጀው ያለው የእኛን ነው።

ብርቱ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ጀሶ ሳስር እስከ ዛሬ የማስበው የእርስዎን እጅ ነው። ቤተሰብ ይቅደም ካሉ መብትዎ ነው፣ አልፈርድም። ግን ያንን መፈረም ለምን አስፈለገ? ዝም ብለው ቢጠፉ ይሻለን ነበር።

ሜቲ

ጎባ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሜቲ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። አንደኛው ስድብ ነበር፣ ሁለተኛው ልቅሶ። ይኼኛው ተርፏል። ሽፈራው «ሳልወስድ አልሄድም» ብሎ ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ተቀምጧል።

«መብትዎ ነው» ብለሽኛል። ይህን ቃል ከማን እንደሰማሁት ብታውቂ ኖሮ አትጽፊውም ነበር።

ግንቦት 1996 የአራት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ቀዶ ሕክምናው ውስጥ ራጅ ሲበራ የምንለብሰው የእርሳስ ሽርጥ አንድ ብቻ ነበር፣ ለፕሮፌሰር መኩሪያ ልክ የተሰፋ። እሳቸው ከለበሱት ሌላው ሰው ከበሩ ኋላ ይቆማል። እኔ ስለብሰው ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፣ ወገቡ ላይም ተሰንጥቆ ነበር። የቁስል ፕላስተር ለጥፈውበታል። ፕላስተር ራጅ ያግድ ይመስል!

ቢሯቸው ገባሁ። አምስት ወር ብቻ ራጅ ከሚበራበት ክፍል ልውጣ፣ የድንገተኛውን ተራ በእጥፍ ልሥራ፣ ከወለድኩ በኋላ የጎደለውን ሁሉ ልተካ አልኩ። በሚገባ አዳመጡኝ። ሰው ሲያዳምጥሽ ተስፋ ታደርጊያለሽ። ከዚያ «አስመረት፣ አጥንት ሐኪም መሆን ከፈለግሽ አጥንት ሐኪም ሁኚ። እናት መሆን ከፈለግሽም መብትሽ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም ስላቸው ሳቁ። «ነገ ጠዋት አልማዝ ጋ እለፊ» አሉ።

አልማዝን ታውቂያታለሽ፣ ያኔም ጸሐፊያቸው ነበረች። ጠዋት ሳልፍ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ስሜ ገብቶበት ጠበቀኝ። አንዲት ቃል አልጻፍኩበትም፣ ምስጋናውንም ጭምር። ካልፈረምኩ መልቀቂያ የለም፤ መልቀቂያ ከሌለ ደግሞ የትም ሆስፒታል አይቀጥረኝም። ቆሜ አነበብኩት። «በገዛ ፈቃዴ» የሚለው ላይ ስደርስ አልማዝን አየኋት፣ እሷ ቀና አላለችም። እስክሪብቶ ያቀበለችኝ ግን እሷ ናት።

ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ነው ለራሴ ይቅር ያላልኩት። እንዳይንቀጠቀጥ ሦስት ዓመት ያሠለጠንኩት እጅ፣ ለዚያ ወረቀት ጨዋ ሆኖ ቆመ።

ባለቤቴ «ተይው፣ ጤናሽ ይበልጣል» አለኝ፣ እኔም እንዲያጽናናኝ ፈቀድኩለት። ከአምስት ዓመት በኋላ እሱም በገዛ ፈቃዱ ሄደ። ሄሊና ምንም አታውቅም። እሷን ምክንያት አድርጌ እንደለቀቅኩ እንድታስብ አልፈልግም፤ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው ብዬ ራሴን አታልላለሁ። እውነቱ ግን ማፈሬ ነው።

ተናደጂብኝ፣ ይገባኛል። ደብዳቤው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው ያልሽው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ፤ ለሌሎች መነበቡን አላውቅም ነበር። በስሜ ስንት ሴት ተመለሰች? ቁጥሩን ካወቅሽ አትደብቂኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወረቀቱን በዓይንሽ አይተሽዋል ወይስ ሲነበብ ብቻ ነው የሰማሽው? እኔ ግልባጭ አልተሰጠኝም። ቅጂውን ብታገኚልኝ እፈልገዋለሁ።

አስመረት

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለዶክተር አስመረት፣

ይቅርታ ብዬ ልጀምር ወይስ ልጨርስ? ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አያት ስደርስ መውረድ ረስቼ ስመለስ ተገኘሁ። ያን ሁሉ ሳላውቅ የጻፍኩትን አይርሱት፣ ግን ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ «መብትሽ ነው» የሚል ቃል ከአፌ ከወጣ ምላሴ ይድረቅ።

ቁጥሩን ጠይቀውኛል። እኔ የማውቃቸው አራት ናቸው። አንዷ ሳምራዊት ናት።

ስለ ቅጂው፦ አልማዝን ጠየቅኳት። «የሠራተኛ ማህደር ነው፣ አይወጣም» አለችኝ። ደጋግሜ ብጠይቃትም እምቢ አለች። ተስፋ ቆረጥኩ።

ሐሙስ ፕሮፌሰሩ አስጠሩኝ። ልክ እርስዎ እንዳሉት፣ በደንብ አዳመጡኝ። ከዚያ ኮሚቴው ስለ እኔ ብዙ እንደተጨነቀ፣ ክፍሉ ለሁለት እንዳይከፈል ዶክተር አብኔዘር ኃላፊ፣ እኔ ምክትል እንድሆን፣ «በተጨማሪም የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ» እንድሆን መታሰቡን ነገሩኝ። አሥራ አንድ ሐኪሞች ባሉበት ክፍል የሴቶች ጉዳይ ማለት የእኔ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የራሴ ተጠሪ ሊያደርጉኝ ነው። «ለአንቺው ብለን ነው» አሉ። «ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «ተጽፏል፤ አልማዝ ጋ እለፊ» አሉኝ።

ዶክተር፣ አልማዝ ጋ እለፊ!

አለፍኩ። ወረቀቱ ታትሞ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ እስክሪብቶውም አጠገቡ። እንዳስተማሩኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ ከእጩነት ራሴን ስለማግለል ይመለከታል» ይላል። ከሥሩ «እኔ ዶ/ር ሜቲ ቶሌራ» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ «የሬዚደንትነት ትምህርቴን በገዛ ፈቃዴ ያቋረጥኩ ሲሆን» ይላል። የሬዚደንትነት ትምህርቴን! ከአራት ዓመት በፊት የጨረስኩትን! ወደ ታች ወረድኩ። ክፍሉ ላደረገልኝ መልካም ትብብር ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ የፊርማው ቦታ። ከነጠብጣቡ ሥር የታተመው ስም «ዶ/ር አስመረት ዘርአጽዮን» ነው።

አልማዝን አየኋት፣ አሁንም ቀና አላለችም። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «ያው የድሮው ፎርም ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ስምና ጉዳይ እየቀየርኩ ነው የማትመው። አንዳንዴ ሳይቀየር ይቀራል» አለች። ስንት ሰው እንደፈረመበት ጠየቅኳት። «እኔ የማትመውን እንጂ የሚፈርመውን አልቆጥርም» አለችኝና ወደ ማሽኗ ዞረች።

አልማዝ ሃያ አራት ዓመት ስትጽፍ አራት ነጥብ እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ። እኔ ምንም አልልም።

አልፈረምኩም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁና «አንብቤ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ ማንም አላስቆመኝም። ሩዋንዳ ሰፈር ፎቶ ኮፒ አስነስቼ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ግልባጭዎ ይኸው።

ኮሚቴው ጥር 10 ይሰበሰባል። እስከዚያ ካልፈረምኩ «ለትብብር ዝግጁ ያልሆነች» ተብዬ እንደምወድቅ በዘወርዋራ ተነግሮኛል። ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ አልፈርምም። የምጠይቀው እርስዎ ምን እንደሚያደርጉ ነው።

አክባሪዎ፣
ሜቲ

ጎባ
ጥር 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሜቲዬ፣

ይህን በእጅሽ ስጪ፣ ቁጥርና ማኅተም አስመቺ፣ ደረሰኝ ተቀበዪ። ሄሊናን አስቀምጬ ነገርኳት። «እና ለምን ዝም አልሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ደስ አለኝ።

አስመረት

ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ መራጭ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስሜ ስለተጻፈ ደብዳቤ እርማት ስለመስጠት ይመለከታል

ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ግንቦት 1996 ዓ.ም. ለክፍሉ «ጽፌያለሁ» የተባለው ደብዳቤ በእኔ አልተጻፈም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። የጻፈው ክፍሉ ነው።

በደብዳቤው «በቤተሰብ ጉዳይ» የተባለው የተቀደደ የራጅ መከላከያ ሽርጥ ነው። «በገዛ ፈቃዴ» የተባለው መልቀቂያ እንዳልከለከል ነው። «መልካም ትብብር» የተባለውን እስከ ዛሬ ፈልጌ ስላጣሁት፣ ክፍሉ ካገኘው እንዲያሳውቀኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይኸው ደብዳቤ ከርእሱና ከመግቢያው ስም በቀር ቃል ሳይለወጥ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ለዶ/ር ሜቲ ቶሌራ እንድትፈርም የቀረበላት ሲሆን፣ በፊርማው ቦታ የእኔ ስም ታትሞ ተገኝቷል። ቅጂው ተያይዟል። ሁለት ሴቶች በአሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት፣ በተለያየ ጉዳይ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ፈቃዳቸውን መግለጻቸው ኮሚቴውን ካላስገረመው እኔን ያስገርመኛል።

ስለዚህ ደብዳቤው ለማንኛዋም አመልካች በማስረጃነት እንዳይነበብ፣ ከተነበበ ደግሞ ይህ እርማት ተያይዞ እንዲነበብ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ዶ/ር አስመረት ዘርአጽዮን

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ
ለዶ/ር ሜቲ ቶሌራ
ለዶ/ር ሳምራዊት፣ ከእሷ በፊት ለተመለሱትም ሦስት ሐኪሞች
ለሄሊና፣ ስታድግ ደግማ እንድታነበው
ለራሴ፣ ያኔ ስላልተሰጠኝ

አዲስ አበባ
የካቲት 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለዶክተር አስመረት፣

እንደምን አሉልኝ? ሄሊናን ሳሙልኝ፣ ጩኸቷንም ትቀጥልበት።

ወር ተኩል ያልጻፍኩት ተጨባጭ ነገር ሳልይዝ ላለመጻፍ ነው። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ሦስት ጊዜ ሳይስማማ ተበተነ። ግልባጩ ቦርድ ባይደርስ ኖሮ አብኔዘር እስካሁን ወንበሩ ላይ ነበር። ቦርዱ የድሮውንና ለእኔ የቀረበውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ፕሮፌሰሩን «ያስረዱ» ሲላቸው «የጽሕፈት ስህተት ነው» አሉ አሉ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ አልተጠየቁም።

የካቲት መግቢያ ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለስድስት ወር «ተጠባባቂ ኃላፊ» ሆኛለሁ። ደስ እንዳይልዎ። ፕሮፌሰር መኩሪያ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተጠባባቂ አልነበሩም። እኔ ግን እንደ ተውሶ ድስት ሳልሰበር መመለስ አለብኝ። የቢሮውን ቁልፍ በእጄ ላለመስጠት ለዘበኛ ትተውት ሄዱ።

ትናንት ማርች ስምንት ነበር። አዳራሽ ጠሩኝ፣ መድረክ ላይ አንድ ቀይ አበባና አንድ ስካርፍ ሰጡኝ። ያ «ሴት ብታውቅ» ያሉት አዛውንት ከሁሉም አስበልጠው አጨበጨቡ። ስካርፉን ለአልማዝ ሰጠኋት። አንገቷ ላይ አደረገችው።

እናቴ ደሪቱ ለቡልቡላ ጎረቤቶቿ «ልጄ ነርስ ናት» እያለች ስትነግር እንደኖረች ነግሬዎት ነበር፤ ሰው በቢላ የሚሠራ ሴት ባል አታገኝም ብላ። ትናንት «ኃላፊ ማለት ታዲያ ከዶክተሮቹ በላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «ለስድስት ወር ብቻ?» አለች። እናቴ እንኳ ተናደደች።

የተጠባባቂ ፊርማም ፊርማ ነው። መጀመሪያ የፈረምኩት የሽርጥ ግዥ ነው፣ ስምንት፣ በሦስት ልክ። ሁለተኛው የሬዚደንት ማስታወቂያ ነው። «ሴቶች ይበረታታሉ» የሚለውን ሰርዤ በምትኩ «የራጅ መከላከያ በሁሉም ልክ አለ። እርጉዝ ሐኪም ራጅ ክፍል አትመደብም፣ ቦታዋንም አታጣም» ብዬ አስጻፍኩ። አልማዝ አንዲት ፊደል አልሳተችም። ሳምራዊት አንደኛ ወጥታ ገብታለች።

ሦስተኛው ከዚህ ጋር የታሸገው ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጡትን ትምህርት ካቆሙበት እንዲቀጥሉ ክፍሉ ይጠራዎታል። በስድስት ወር ውስጥ ይምጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ ፊርማዬ ላይሠራ ይችላል። ይምጡና እርስዎን የሞከሩበትን ክፍል እርስዎ ይሞክሩት።

አክባሪዎ፣
ሜቲ

ጎባ
መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዶ/ር ሜቲ ቶሌራ፣
የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
(«ተጠባባቂ» የሚለውን እኔ አልጽፈውም)

ጥሪሽን አነበብኩት። ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ ሽፈራው ነገር የገጠመኝ መስሎት ተከተለኝ።

አልመጣም።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። እዚህ ቀዶ ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ሆኜ ስቆም እዚህ አንጀቷ የታጠፈባት ሴት ትሞታለች። ሄሊናም ትምህርት ቤቷን አትለቅም፣ ጠይቄያት እምቢ ብላለች። ሌላም አለ፣ አልዋሽሽም። ያኔ ብትጠሪኝ በእግሬ እመጣ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ወስደውብኛል፤ ያንን ፎቶ ኮፒ አንስቶ የሚመልስልኝ የለም። እንደተመለሰልኝ አድርጌ አላመሰግንም። ተናድጃለሁ፣ እንደተናደድኩም እኖራለሁ፤ ቁጣው ሥራ ያሠራኛል።

በምትኩ ይህን አድርጊልኝ። ስድስት ወርሽ ሳያልቅ ሬዚደንቶች በየዓመቱ ሦስት ወር ጎባ እንዲሠሩ ፈርመሽ አጽድቂው። መጀመሪያ ሳምራዊትን ላኪልኝ፣ ከአስተማሪዋ ጋር። አጥንቱን እዚሁ ይሥሩት፣ እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ። ከበቅሎ የወደቀች ሴት ከእንግዲህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር አትጮህም። በርጩማ አዘጋጅቻለሁ፤ አልጋችን ፔዳሉ ተበላሽቷል።

ይህን መልስ ከሰማያዊው ፋይል ጋር አያይዢው፣ ከድሮው ደብዳቤ ቀጥሎ። አልማዝ እንዳትጽፈው፤ በእጄ እንደጻፍኩት ይቀመጥ፣ ሥርዝ ድልዙም ይታይ። «አልመጣም» የሚለው ላይ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ ቀለሙ ፈሷል፣ እሱንም አታስተካክዪው። ነገ ሌላ ኮሚቴ ተሰብስቦ ያንን ፋይል ሲከፍት ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ።

ትምህርቱን ላለመቀጠል የወሰንኩት በገዛ ፈቃዴ ነው።

አስመረት ዘርአጽዮን